ያልጣፈጠው አገዳ

በየከተማው ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰዓት ስትጠይቁት ፀሐይ ከተፈጠረችበት ቀን ይጀምራል። መንገድ ስትጠይቁት መንገዱን የቀየሰውን ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ለአንድ ከተማ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚበቃ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ለሰቆጣ ሁለት አስቦ፣ ሁለቱንም አንድ ኮት ውስጥ ከቶ ላከልን።

የኮቱ ባለቤት መምህር ጌታሰው ናቸው። የሥነ ሕይወት መምህር፣ የሠላሳ ዓመት ባለ ጠመኔ፣ ማንም ያልሾማቸው ዋግሹም ዘቅጠል። በቀኝ ኪሳቸው ማጉያ መነጽር፣ በግራው በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ፣ በቀሩት ኪሶች ሁሉ ቅጠል ይይዛሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምስራቅ «የጌታሰውን ኮት ሳጥብ ጎመን የማጥብ ይመስለኛል» ይላሉ።

መምህር ስለ ሁሉም ነገር ያስረዳሉ ብል ሐሜት ይሆንብኛል። የሚያስረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓለምን ነገር ሁሉ ጎትተው ወደዚያ ያመጡታል እንጂ። ያ አንድ ነገር፣ ቅጠል የሠራውን ስኳር በጅማቱ ጭኖ የሚልክበት ጥበብ ነው።

አንድ ቀን ሙሄዲን ሱቅ ስኳር ልገዛ ተሰልፌያለሁ። ሙሄዲን ሱቁን ከአባቱ የተረከበ፣ ፊቱ ሳይፈታ የሚቀልድ ነጋዴ ነው። መምህር ከፊቴ ናቸው። ስኳሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጣታቸውን አነሡ።

«ሙሄዲን፣ ይህን ስኳር ማን ሠራው?»

«እኔ እንጃ መምህር። እኔ ከኮምቦልቻ ነው ያስጫንኩት።»

«ቅጠል ነው የሠራው!»

«እሺ። ኪሎ ነው ግማሽ?»

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ቆመ፤ መምህር ማስረዳት ጀመሩ። ቅጠል ወጥ ቤት ነው፤ ያበሰለውን ግን እዚያው አይጨርሰውም። በቀጫጭኖቹ ጅማቶች ዳር የማይታዩ ጫኞች አሉ፤ ስኳሩን እያነሡ፣ ቀድሞ በስኳር በተሞላ ጅማት ውስጥ ይጨምራሉ። በሞላ ከረጢት ላይ መጨመር ነው፤ ጉልበት ይፈጃል። ስኳሩ ሲበዛ ውኃ ተከትሎት ይገባል፣ ጅማቱ ይወጠራል፣ የተወጠረው ይገፋል። የሰሃላ ወረዳ የእግር መንገዶች ሄደው ሄደው ሰፊው መንገድ ላይ እንደሚገናኙ፣ ቀጫጭኖቹ ጅማቶች ወፍራሙ ላይ ይገናኛሉ፤ ጭነቱም ወደተራበው ቦታ ይወርዳል፤ ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬ፣ ወደ ለጋ ቅጠል።

«ውኃስ?» አለ ከሰልፉ አንድ የማያውቃቸው ሰው። ምስኪን።

«የውኃው ሌላ ነው! መንገዱ ሁለት ነው! አንዱ ከሥር ውኃ ያወጣል፣ አንዱ ከቅጠል ስኳር ያደርሳል!»

«መንገዱ ሁለት ነው» በከተማችን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነገር ቃል ሆኗል።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። አንድ ሽማግሌ ሐዘንተኞችን ለማጽናናት «ምን ይደረግ፣ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል» ቢሉ፣ መምህር ከወንበራቸው ተነሡ። «ቅጠል ዝም ብሎ አይረግፍም» አሉ። «ያለውን ልኮ ነው የሚረግፍ። የሚሰጠውን ሰጥቶ፣ በሩን በኋላው ዘግቶ ነው የሚሄድ።» ኮታቸውን ጎትቼ ላስቀምጣቸው አሰብኩ፤ ድፍረቱ ግን አልነበረኝም። ያን ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ነጠላዋን ከፊቷ አነሣችና «አዎ፣ እሱም እንዲያ ነው የሄደ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አለቀሰች።

ክሽክሽን ያደንቃሉ። ባቄላ የምታጠቃዋን ያቺን ትንሽ ነፍሳት ማለቴ ነው። ክሽክሽ ባንጠባጠበችው ስኳር የሚያጣብቅ የባቄላ ቅጠል ይዘው ክፍል ይገቡና በተማሪዎች ፊት ይልሱታል። «ክሽክሽ መጠጫዋን የምትሰካው ልክ የስኳሩ ጅማት ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከውኃው መንገድ ጋር አምታታው አታውቅም። ሳትማር! እናንተ ግን በፈተና…»

እኔ አምሳለ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ግጥም አጥንቼ ተመልሼ፣ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሰው መሀል መናገር ስለምፈራ «መምህር፣ ቸኩያለሁ» ማለት አልችልም። ለሚያስረዳ ሰው ከእኔ የተሻለ ሲሳይ የለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሌላው ሁሉ ሻዩን ይዞ ወደ በሩ ሲሸሽ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጅማት ሰማሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ አፌ አመለጠኝ።

ያን ዓመት ዝናቡ ጳጉሜን ሳይደርስ ሄደ። ያሳደገችኝ አክስቴ ሸጌ ከሰቆጣ ቁልቁል ባለችው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ቁራጭ የማሽላ መሬትና ዘጠኝ ፍየሎች አሏት። ሌላ ምንም የላትም። ስትደውልልኝ ድምጿ ደርቋል። ፍየሎቹ የሚቀምሱት አጥተዋል፤ ጎረቤቶቿ የማሽላቸውን ቅጠል ገፍፈው ለከብት መስጠት ጀምረዋል፤ እሷም ልትጀምር ነው። «ዘንድሮ ማሽላው ካልያዘ ደጄን ዘግቼ አንቺ ዘንድ ነው የምገባ» አለችኝ። አክስቴ ደጇን ዘግታ የትም አድራ አታውቅም። ስልኩን ዘግቼ ለማን እንደምነግር አጣሁ። አጠገቤ የነበሩት መምህር ጌታሰው ናቸው።

የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ስንቱን ቅጠል ነው የምትገፍፍ?»

«እንጃ… ሁሉንም መሰለኝ።»

«ዛላው ፍሬ ይዟል?»

«ገና ወተት እንኳ አልቋጠረም አለች።»

መምህር ተነሡ፤ ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሡ። ማስረዳት ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው መኪና የምንይዝ?» አሉ።

ቅዳሜ ግማሹን በአይሱዙ፣ ግማሹን በእግር ወረድን። መምህር ኮታቸውን አላወለቁም። ከሁለቱም ወገን ቅጠላቸው የተገፈፈ ማሳዎች አለፍን፤ አገዳው ራቁቱን ቆሟል፤ ላዩ ላይ ቀጭን ዛላ። በየማሳው ዳር ሲደርሱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ቆም ይሉና፣ ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። እኔም የአክስቴ ማሳ እንዲህ ሆኖ እንዳይቆየን ፈራሁ።

አክስቴ ከፍየሎቿ መሀል ወጣች። አፏን የፈታችው በኻምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ኋላ ነው የመጣላት። ስለዚህ አማርኛን የምትይዘው እንደ ሰው ዕቃ ነው፤ ቆጥባ፣ እንዳይሰበርባት ተጠንቅቃ።

«እንደምን ዋሉ መምህር። ስለ ማሽላዬ ነው አሉ የመጡ።»

«ስለ ማሽላዎ ነው ወይዘሮ ሸጌ። አንዲት ቅጠል እንዳይነኩ!»

«ውኃ ይጠጡ መጀመሪያ።»

ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ወደ ማሳው ገቡ። አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥተው ሁሉንም አስረዷት። ወጥ ቤቱን፣ ጫኞቹን፣ ውጥረቱን፣ ግፊቱን። «ዛላው አሁን አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ጫጩት ነው። ስኳሩ የሚመጣለት ከዚህ ነው፣ በዚህ ጅማት። መንገዱ ሁለት ነው! ቅጠሉን ከገፈፉት ዛላው ማንን ይጠብቅ?»

አክስቴ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ራሷን ነቀነቀች።

«ደግ ብለዋል። ፍየሎቼስ ማንን ይጠብቁ?»

መምህር ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ መነጽር፣ ምላጭ፣ ቅጠል። ሠላሳ ዓመት ያስረዱ ሰው መልስ ሲያጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም እንዲሉ የተመኘሁት እኔ፣ አንድ ነገር በሉ እንጂ ብዬ ልጮህ ትንሽ ቀረኝ።

ያዘነችላቸው አክስቴ ናት። «ደግሞስ ሁሉንም ትገፍፋለች ያለዎት ማን ነው? ይቺ ልጅ ናት? ይቺ ስትፈራ ነገር ታበዛለች።» ጎንበስ ብላ ከአገዳው ግርጌ ሦስት ቅጠሎች አሳየቻቸው፤ ጥላ የዋጣቸው፣ ጠርዛቸው የገረጣ። «እነዚህ ጡረታ የወጡ ናቸው። የሚልኩት የላቸውም። ላይኞቹ ግን የዛላው ሞግዚት ናቸው፤ አይነኩም። ይኸን እናቴም ታውቀዋለች።»

ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው መምህር ቃሉን ብዙም አልወደዱትም። ግን ተንበርክከው አንዱን የግርጌ ቅጠል በመነጽራቸው አዩት።

«ልክ ነዎት» አሉ። «የሚሠራውን ራሱ ነው የሚበላው። መላክ አቁሟል።»

«የታችኞቹ ግን ስምንት ቀን ቢያደርሱኝ ነው» አለች አክስቴ። «ከዚያ ወዲያ ፍየል እያየሁ ሲሞት እጄ ወደ ላይ አይሄድም ብዬ አልዋሽዎትም።»

ከማሳው ዳር አንድ አገዳ ሰበረች። ልጣጩን በጥርሷ ገፍፋ ለሁለት ከፍላ ሰጠችን። አኘክሁት። ወዲያው በጉንጬ ውስጥ ልጅነቴ ፈሰሰ።

«ይጣፍጣል!» አልኳት።

«ጣፈጠሽ? እኔን ግን አስፈራኝ።»

«ምኑ?» አልኳት።

«ይኸ ጥንቅሽ አይደለም አምሳልዬ። ጥንቅሽ ለአፍ ነው የሚዘራ። ይኸ ለእህል ነው። አገዳው ከጣፈጠ ምግቡ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ዛላው አልተቀበለውም። ዛላው ሲቀበል አገዳው እንደ ገለባ ይሆናል፤ ምንም አይል። እስከ አጨዳ ከጣፈጠ ዛላው ባዶ ቀረ ማለት ነው። ልጅ ሳለሽ አገዳ ስታኝኪ ውለሽ፣ ስታኝኪ አምሽተሽ፣ አፍሽ የቆሰለበትን ዓመት ረሳሽው? ያን ዓመት ነው በሬያችንን ሸጠን የበላን።»

አልረሳሁትም። በልጅነቴ እንደዚያ ዓመት የጣፈጠኝ የለም። ለምን እንደጣፈጠ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መምህር ማስታወሻቸውን አወጡ። «እስኪ ይድገሙልኝ» አሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አክስቴ ደገመችላቸው፤ እሳቸው ጻፉ፤ ያልገባቸውን ጠየቁ፤ በአማርኛ ያቃታትን በኻምጣንጋ ነግራኝ አስተረጎምኩ።

«ከጣፋጭ ወደ ምንም ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ላይኞቹ ቅጠሎች ከቆዩ፣ ሦስት ሳምንት።»

መምህር በጣታቸው ቆጠሩ። «ስምንቱን ቀን በግርጌዎቹ ያልፉታል። የቀሩትን ሁለት ሳምንታት እኔ አበላለሁ።»

«ማንን?»

«ፍየሎቹን።»

«በትምህርት?» አለችና አክስቴ ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በትምህርት ሳይሆን በትምህርት ቤት ነበር ያሰቡት። ግቢያችን ክረምቱን ሙሉ ያልታጨደ ሣር አለው። ርዕሰ መምህሩ «የትምህርት ቤት ሣር ያለ ደብዳቤ አይወጣም» አሉ። መምህር ደብዳቤ ጻፉ፤ ሦስት ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የቅጠል ጅማት በሥዕል አለበት። ርዕሰ መምህሩ ሁለተኛው ገጽ እንዳይብራራላቸው ሲሉ መጀመሪያውን አንብበው ፈረሙ።

ከዚያ አጨዳ። የግቢው ዘበኛ አያ ደብሬ፣ ገበሬ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

«መምህር! ማጭዱን እንደ ጠመኔ ያዙት እኮ!»

«ዋናው ውጤቱ ነው አያ ደብሬ።»

«ውጤቱማ ይኸው፣ ከሣሩ የበለጠ ኮትዎ ታጨደ።»

ኋላ ግን አያ ደብሬ ማየቱ ከበዳቸውና ወርደው ማጭዱን ተቀበሉ። መምህር እያሰሩ፣ እኔ እየተሸከምኩ፣ በሁለት ቀን ግቢው ተላጨ።

ሣሩ እንዴት ይውረድ? የሙሄዲን አይሱዙ በየሳምንቱ ለገበያ ዝቋላ ይወርዳል።

«መምህር፣ እኔ ስኳር ስጭን እርስዎ ሣር ሊጭኑብኝ?»

«አንተ ጅማት ነህ ሙሄዲን! ካለበት አንሥቶ ወደተራበው ማድረስ ነው የጅማት ሥራው!»

«ወላሂ አባቴ ሙሄዲን ብሎ ስም ሲያወጣልኝ በግ አርዶ ነበር። ለጅማት ሲባል ነው በጉ የሞተ?» አለና፣ ፊቱ ሳይፈታ የአይሱዙውን የኋላ በር ከፈተ። ከዚያ ቀን ወዲህ በገበያው «ጅማቱ» ነው የሚሉት። ሱቁን ስትጠይቁ እንዲያ በሉ፤ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው ሣር ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት አይሱዙው ተበላሽቶ ቆመ። ሙሄዲን «ለሚቀጥለው ገበያ» አለ። አክስቴ ደግሞ ደውላ ነበር፤ ሣሩ አልቋል፤ አገዳውን ቀምሳዋለች፤ ጣዕሙ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ለሁለት ቀን የሚበቃ መኖ እንኳ የለም፤ ዛላው ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። «መምህርን አመስግኝልኝ» አለች። ነገሩ እንዳበቃበት ሰው ነው የተናገረች።

ይህን ስነግራቸው መምህር «ደግ» ብቻ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ስሄድ ወይዘሮ ምስራቅ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «አህያ ተከራይቶ፣ ሣሩን ጭኖ ወረደ» አሉኝ። «በእግሩ። ልመልሰው ብል፣ መንገዱ ሁለት ነው አለኝ፤ መሄጃና መመለሻ።»

ሰኞ ዕለት መምህር ጌታሰው ሸበጥ ተጫምተው ክፍል ገቡ፤ እግራቸው ጫማ አይችልም ነበር። ምን ሆኑ ብለው የጠየቋቸውን ሁሉ «ምንም» ብለው አለፉ። ያልተጠየቁትን ሲያስረዱ የኖሩ ሰው፣ የተጠየቁትን ሲደብቁ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ኅዳር ገባ። በገበያ ቀን ሙሄዲን ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አክስቴን ከሩቅ አየኋት፤ ረጅም ነገር በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። መምህርም እዚያው ነበሩ፤ አንዲት የዝንጅብል ገዢ ይዘው ዝንጅብል ሥር አለመሆኑን እያስረዱ። አክስቴ ሰላምታ ሰጥታ ጥቅሉን ፈታችው። አንድ የማሽላ አገዳ ነው። ዛላው ከክብደቱ የተነሣ አንገቱን ደፍቷል፤ ፍሬው እርስ በርስ ቦታ አጥቶ ተጣቧል።

መምህር እጃቸውን ወደ ዛላው ሰደዱ። አክስቴ «ቆዩ» አለች። አገዳውን ሰበረች፣ ልጣጩን ገፈፈች፣ ቁራጩን ሰጠቻቸው።

አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ገመጡና አኘኩ። ገበያተኛው መቆም ጀመረ። ሙሄዲን ስኳር የያዘውን መስፈሪያ አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ምንም» አሉ መምህር ቀስ ብለው። ከዚያ ጮኹ። «ምንም አይልም! ቅንጣት አይጣፍጥም!»

ሙሄዲን ከሚዛኑ ኋላ «መምህር፣ ስኳር ልጨምርልዎት?» አለ።

ሳቁ ሲበርድ የዝንጅብሏ ሴት ግራ ገብቷት «ኧረ እርስዎ፣ የማይጣፍጥ አገዳ ምን ያስደስትዎታል?» ብላ ጠየቀች።

ጠየቀቻቸው። መምህር ጌታሰው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይህን ያህል ሰው ቆሞ እየጠበቃቸው በግልጽ ተጠየቁ። ጣታቸው ተነሣ። ደረታቸው ሞላ። ሁላችንም ባለንበት ቦታ ተመቻቸን፤ ነገሩ እንደሚረዝም እናውቃለንና።

ጣታቸውን መልሰው አጠፉት። «እኔ አይደለሁም የማስረዳ» አሉ። «ወይዘሮ ሸጌን ጠይቂያቸው።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ያንን የቆጠበችውን አማርኛ አወጣችና፣ ስለ ላይኛው ቅጠልና ስለ ታችኛው፣ ስለሚጣፍጥ ዓመትና ስለማይጣፍጥ ዓመት በገበያው መሀል ነገረቻቸው። መምህር አጠገቧ እንደ ጎበዝ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እስከ መጨረሻው ሊታገሡ በጣም ሞከሩ፤ እመሰክርላቸዋለሁ። «ከዚያ ምግቡ ወደ ዛላው ይሄዳል» ስትል ግን አልቻሉም።

«መንገዱ ሁለት ነው!»

አክስቴ ዞር ብላ የቀረውን አገዳ ለእኔ አቀበለችኝ። አኘክሁት። ገለባ ነው፤ ደረቅ፣ ምንም የማይል ገለባ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌላ ጨምሪልኝ አልኳት።